ሁለቱን ዲግሪ ላሰበች የእህቴ ልጅ

በፋሲካ ዕለት እናትሽ ቤት ምሳ ላይ ከእንግዶቹ አንዷ «ልጅሽ ምን እያጠናች ነው?» ብላ ጠየቀች። እናትሽም «ሁለት ጊዜ ዶክተር ልትሆን ነው» አለች። ቤቱ በእልልታ ሲሞላ አንቺ አንገትሽን ደፋሽ፤ አይቼሻለሁ። ኋላ ቡናው ሲቆላ ጠጋ ብለሽ «ጋሼ፣ ለመግባት ምን ምን ነው የሚጠይቁት?» አልሽኝ። ጀመርኩልሽ እንጂ አልጨረስኩልሽም፤ በዚያ ጫጫታ መሀል የሚያልቅ ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት በየጊዜው እየተመለስሽ እንድታዪው ብዬ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ስለሚመዝን አይደለም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ዓመቱን ቁጠሪ።

ኤምዲ-ፒኤችዲ የሚሉት የሕክምናውና የምርምሩ ዶክትሬት በአንድ ቅበላ ተያይዘው የሚሰጡበት መንገድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ትማሪያለሽ። ከዚያ ሕክምናውን ትተሽ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ላቦራቶሪ ትገቢያለሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ተከራክረሽ ካለፍሽ በኋላ ነጭ ጋዋንሽን እንደገና ለብሰሽ ለቀሪው ሁለት ዓመት ወደ ሆስፒታል ትመለሻለሽ። ድምሩ ስምንት ዓመት አካባቢ ነው። ክሊቭላንድ ያለው የዛሬው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ይህን አሠራር በ1956 ጀመረ፤ በ1964 ደግሞ ኤንአይኤች የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም የሕክምና ሳይንቲስቶች ማሠልጠኛ ብሎ ገንዘብ መደበለት። ሰዎች በአጭሩ «ኤምኤስቲፒ» ሲሉ የምትሰሚው ይህንኑ ነው። መንግሥት ገንዘቡን የሚያወጣው ሕመምተኛ በሚያየው ሐኪምና ሴል በሚያየው ሳይንቲስት መሀል የሚቆም፣ የሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሰው ፈልጎ ነው። በእነዚህ ፕሮግራሞች የትምህርቱ ክፍያ ይሸፈናል፤ ለመኖሪያም ገንዘብ ይሰጣል።

አሁን ሃያ አንድ ዓመትሽ ነው። በሃያ ሦስት ብትገቢ ስትመረቂ ሠላሳ አንድ ይሆንሻል። ቀጥሎ ሬዚደንሲ አለ፤ የውስጥ ደዌ ሦስት ዓመት፣ ቀዶ ሕክምና አምስትና ከዚያም በላይ። ንዑስ ሙያ ከጨመርሽበት ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል። ስምሽ በሩ ላይ የተጻፈበት ላቦራቶሪ የምትከፍቺው ወደ አርባ ስትጠጊ ነው። ይህን ለእናትሽ ቁጭ አድርገሽ አስረጃት። እኔ ለእናቴ፣ ለአያትሽ ማለት ነው፣ በወቅቱ አልነገርኳትም ነበር። ጓደኞቼ ተመርቀው እኔ ገና ተማሪ ስሆንባት ወድቄ የደበቅኳት መስሏት ሁለት ዓመት ሙሉ ስለት ስትሳል ኖረች።

2. የማይለቅሽ ጥያቄ መኖሩን መርምሪ።

ምርምር ለመሥራት ሁለቱም ዲግሪ ግዴታ አይደለም። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ሐኪሞች ናቸው፤ ፒኤችዲ የላቸውም። ገና በልጅነታቸው በልብ በሽታ የሚጠቁ፣ ኮሌስትሮላቸው እጅግ የበዛ ሕፃናትን አይተው ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ሴል ኮሌስትሮልን ከደም የሚቀበልበትን በር አገኙ። በ1985 ኖቤል ተሸለሙ። በሌላ በኩል የኮቪዱን የኤምአርኤንኤ ክትባት ያስቻለውን ሥራ ተመልከቺ። ድሩ ዋይስማን ኤምዲ-ፒኤችዲ ነው፤ ካታሊን ካሪኮ ግን ሐኪም አይደለችም፣ ፒኤችዲ ብቻ ነው ያላት። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ተዋወቁ፤ ዋናውን ግኝታቸውን በ2005 አሳተሙ፤ በ2023 ኖቤሉን አብረው ተቀበሉ። እሱ የጎደለውን እሷ፣ እሷ የጎደላትን እሱ ሞላ። ስለዚህ ጥሩ ጓደኛ ካገኘሽ አንዱ ዲግሪ ሊበቃሽ ይችላል። ይህን የምልሽ ልገፋሽ አይደለም፤ ስትገቢ ዓይንሽን ገልጠሽ እንድትገቢ ነው።

ሁለቱ የሚያስፈልገው ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የተወለደ ጥያቄ ላቦራቶሪ ድረስ ለሚከተለው ሰው ነው። አያትሽ ጥርሷን የተነቀለች ጊዜ ትዝ ይልሻል? ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ሰጧት፤ በአንድ ፍሬ ቀኑን ሙሉ ስትደነዝዝ ውላ እናትሽ ደንግጣ ደወለችልኝ። ኮዴይን ራሱ ደካማ ነገር ነው፤ ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚበረታው። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ስዊድን ባለው ካሮሊንስካ ሆነው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ ከመቶ 29ኙ የዚህ ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ተደራርቦ ተገኘባቸው። በእንዲህ ዓይነት ሰው ኮዴይኑ ቶሎና አብዝቶ ሞርፊን ይሆናል። በስዊድናውያን ዘንድ የጂኑ መደራረብ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። የአያትሽ ጂን አልተመረመረም፤ የእሷ ድንዛዜ ከዚህ መጣ ማለት አልችልም። ግን በዚያ ቀን አንቺ «ለምን ለእሷ እንዲህ ሆነ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «ትተኛ፣ ይለቃታል» ነበር የሚለው። ስለ አንቺ ተስፋ ያደረግሁት ያን ቀን ነው።

«ትምህርቱ በነጻ ነው» ብለሽ ግን እንዳትገቢ። እኩዮችሽ አንቺ ላቦራቶሪ በምትቆዪባቸው ዓመታት ልክ ቀድመውሽ የሐኪም ደመወዝ መቀበል ይጀምራሉ። ሒሳቡን የሠራ ሰው በነጻ አይለውም። ለገንዘቡ ብለው የገቡ ሁለት ልጆች አውቃለሁ፤ ሁለቱም ሕክምናውን ብቻ ጨርሰው ወጡ። አላዘንኩባቸውም፤ ግን የባከነባቸው ዓመትና የደረሰባቸው መሳቀቅ ቀላል አልነበረም።

3. ምርምሩ። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ እዚህ ላይ ነው፤ ማመልከቻሽን የሚመረምሩትም ከሁሉ አስቀድመው የሚያዩት ይህንኑ ነው።

በወረቀት ላይ «ይህን ያህል ሰዓት» ብሎ የደነገገ ትምህርት ቤት እምብዛም አታገኚም። ሲመዝኑ ግን ጥልቀቱን ነው። አራት ላቦራቶሪ ለሦስት ሦስት ወር ከመዞር፣ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድን ጥያቄ ከሥሩ ማወቅ ይበልጣል። በበጋ ብቻ ሳይሆን በትምህርቱም ወራት፣ ፈተና ባለብሽ ሳምንትም ቢሆን፣ አይጦቹን ማየትና ሴሎቹን መመገብ አለብሽ። እዚህ አገር ያለን ሰዎች ላቦራቶሪን አሳጥረን «ላብ» ነው የምንለው፤ ቃሉ ከአማርኛው ላብ ጋር እንዲህ መግጠሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ዓመት ብልቃጥ ማጠብና ያልገባሽን መከተል ነው፤ እሱን ታገሺ። በሁለተኛው ዓመት ግን «ይህን ሙከራ ለምን እንሠራለን? መልሱ እንዲህ ቢመጣ ምን እንላለን? እንዲያ ቢመጣስ?» ብለሽ ራስሽ መመለስ ካልጀመርሽ፣ ኃላፊውን ቀርበሽ ትንሽም ብትሆን የራስሽ የሆነች ሥራ ጠይቂ። የታተመ ጽሑፍ ላይ ስምሽ መኖሩ ደግ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። አንድ መስመር ያልታተመላቸው፣ ሥራቸውን ግን አብጠርጥረው የሚያውቁ ብዙ ልጆች ገብተዋል።

የራሴን ልንገርሽ። በዲቪ መጥቼ፣ ዋሽንግተን ማታ ማታ መኪና እያቆምኩ ኮሌጅ ጨረስኩ፤ ከማመልከቴ በፊት ሁለት ዓመት በአንድ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። በአይጥ ኩላሊት ውስጥ የአንድ ፕሮቲን መጠን ሲጨምርና ሲቀንስ እከታተል ነበር። ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ ይዞ በመስመር የሚያሳየውን ዌስተርን ብሎት በየሳምንቱ እሠራለሁ፤ ጠብቄው የነበረው መስመር በተባለው ቦታ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ኋላ አንዲት ተመራማሪ «እስቲ ያ ጂን ጨርሶ በሌላት አይጥ ላይ ሞክረው» አለችኝ። ሞከርኩ። መስመሩ እዚያም ወጣ። ፕሮቲኑ በሌለበት መስመሩ ከወጣ፣ አንቲቦዲው ሲይዝ የኖረው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን ማታ ከኃላፊዬ ጋር ተቀምጠን የሠራኋቸውን አሥራ ዘጠኝ ውጤቶች አንድ በአንድ አነሳን። በሌላ ዘዴ ስለተለኩ የቆሙት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ለቃለ መጠይቅ የሄድኩ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ስለዚህ አነሱብኝ። «ይህን ማነጻጸሪያ ለመሥራት ለምን ሰባት ወር ፈጀብህ?» አሉኝ። ሰበብ ልደረድር እችል ነበር። «ውጤቱን ወድጄው ነበር፤ ስለወደድኩትም አልተጠራጠርኩትም» አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የጨረስነው እሳቸውም በዘመናቸው የወደዱትን ውጤት እንዴት እንዳጡት ሲነግሩኝ ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ሙከራሽን አትደብቂ። ደብተርሽን በየቀኑ፣ ቀን ጽፈሽ ያዢ፤ የሆነውን ሁሉ፣ የፈሰሰውንም የተሳሳትሽውንም መዝግቢ።

ኮሌጁን ስትጨርሺ ልምዱ አጥሮብሽ ከሆነ አትቸኩዪ። ዛሬ ከሚገቡት ብዙዎቹ ከኮሌጅ በኋላ አንድ ሁለት ዓመት የሠሩ ናቸው። ኤንአይኤች ለአዲስ ምሩቃን የሚሰጠው የድኅረ ባችለር የምርምር ዕድል አለ፤ ተቋሙ ያለባት ቤተስዳ ደግሞ ከእናንተ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለችም፣ እናትሽ ቤት እያደርሽ የምትመላለሺበት ነው። ሰዎች ከሌላ ስቴት ቤት ተከራይተው ነው የሚመጡለት።

4. ማርኩና ፈተናው።

ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ባጭሩ ልለፈው። የመግቢያ ፈተናው ኤምካት ከ472 እስከ 528 ይቆጠራል፤ አራት ክፍል አለው፣ ቀኑን ይበላል። ኤምዲ-ፒኤችዲ የሚገቡት አማካይ ወደ 516፣ የኮሌጅ ማርካቸውም ወደ 3.8 ነው። አማካይ ነው እንጂ በር አይደለም፤ ከዚያ በታች ይዘው የገቡ አሉ። የሚያስገቡሽ ኮርሶች ባዮሎጂ፣ አጠቃላይና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ናቸው፤ ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ጂአርኢ አብዛኞቹ አይጠይቁም። ሳትዘጋጂ ለሙከራ ብለሽ ኤምካት እንዳትቀመጪ፤ የወሰድሽው ውጤት ሁሉ ነው የሚታየው። ከእኔ አንድ ተጨማሪ፦ ስታቲስቲክስና ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ባይጠይቁሽም ተማሪ። እኔ በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው የተማርኩት፤ በጣም ዘግይቼ ነበር።

5. የታመመውን ሰውም እወቂው።

ግማሹ የሕክምና ትምህርት ነው። ላቦራቶሪ ብቻ ያየ ልጅ «ታዲያ ለምን ፒኤችዲ ብቻ አትወስድም?» ይባላል፤ መልስ ያጣል። ክሊኒክ በፈቃደኝነት አገልግዪ፣ ሐኪም ተከትለሽ ዋዪ። ከአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጀምሮ አያትሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ስታስተረጉሚ ኖረሻል። ያ ለልጅ ከባድ ሸክም ነበር፤ በጊዜው ማናችንም አልተረዳንልሽም። ስለዚያ ልትጽፊ ትችያለሽ። ብቻ የእሷን ሕመም ማስጌጫ አታድርጊው። ሐኪሟ «ስኳሩን ከ1 እስከ 10 እንዴት ትቆጣጠሪዋለሽ?» ሲላት «እግዚአብሔር ያውቃል» ያለችውን ለሐኪሙ እንዴት እንዳደረስሽለት፣ ምን እንደጎደለና ምን እንደገባሽ፣ ያን ጻፊ።

6. ድርሰቶቹ፣ የድጋፍ ደብዳቤውና ይሉኝታችን።

ማመልከቻው አምካስ በሚባለው መንገድ ነው። በሜይ ወር ይከፈታል፤ በጁን መጀመሪያ ብታስገቢ ጥሩ ነው። ሌላው የሕክምና አመልካች አንድ ድርሰት ሲጽፍ አንቺ ሦስት ትጽፊያለሽ። ለምን ሕክምና የሚለው 5,300 ፊደል ነው። ለምን ሁለቱም የሚለው 3,000 ነው። ስለሠራሽው ምርምር የሚተርከው ደግሞ እስከ 10,000 ፊደል ይፈቀድለታል። መለኪያው ቃል እንዳይመስልሽ፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል።

የእኛ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ያደግነው «እኔ» ማለት ነውር በሆነበት ቤት ነው። ሰው ሲያመሰግነን «ኧረ ምን አደረግሁ» እንላለን፤ ይህ ጨዋነት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። በዚያ ረጅም ድርሰት ላይ ግን «ይህን ሠራን፣ ያን አገኘን» እያልሽ ከጻፍሽ አንባቢው የአንቺን እጅ አያይም። የኃላፊሽ ሐሳብ የነበረውን የእሱ ነው በዪ፤ ጓደኛሽ የሠራችውን ለእሷ ስጪ፤ አንቺ ያሰብሽውንና የሠራሽውን ግን «እኔ» ብለሽ ጻፊው። ይህ ትዕቢት አይደለም፤ ድርሻን በትክክል መናገር ነው፤ ሳይንስ ውስጥ ደግሞ ድርሻን አሳስቶ መናገር፣ አሳንሶም ቢሆን፣ ስህተት ነው።

ደብዳቤውም እንዲሁ። የሠራሽባቸው የምርምር ኃላፊዎች ሁሉ እንዲጽፉልሽ ይጠበቃል፤ አንዱ ከጎደለ «ምን ሆነው ነው?» ይላሉ። ይሉኝታ ይዞሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት እንዳትቆዪ። ሁለት ወር ሲቀረው ሂጂና «በደንብ የሚደግፈኝ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ካመነቱ አመስግነሽ ውጪ። እኔ አንድ ጊዜ ማመንታቱን አይቼ አፍሬ ዝም አልኩ፤ የተጻፈው ደብዳቤ ሦስት መስመር እንደነበረ ኋላ ሰማሁ።

7. የወረቀት ነገር።

አንቺ እዚህ ስለተወለድሽ አይነካሽም፤ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ለመጣው ለአክስትሽ ልጅ ግን ንገሪው። የኤንአይኤች የማሠልጠኛ ገንዘብ የሚከፈለው ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ነው። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ ወይም አሳይለም ጠይቆ ግሪን ካርድ ገና ያልያዘ ሰው ከዚያ ገንዘብ አያገኝም። የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው የውጭ ተማሪ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ጥቂት ናቸውና ከማመልከቱ በፊት እያንዳንዱን ይጠይቅ። አገር ቤት ሕክምና የጨረሱት ደግሞ እንደገና ኤምዲ መማር የለባቸውም፤ ለእነሱ መንገዱ የዩኤስኤምኤልኢ ፈተናዎችና ፒኤችዲ ለየብቻ ነው።

ለአንቺ ሁለት ነገር። የማመልከቻው ወጪ ብዙ ስለሆነ፣ ገቢያችሁ ከፈቀደ የሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር የክፍያ ድጋፍ አለው፤ ኤምካት ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ፣ ከከፈልሽ በኋላ አይመልሱልሽም። ሌላው የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎውሺፕ ነው፤ ለስደተኞችና ለስደተኞች ልጆች የተቋቋመ ነው። ኤምዲ-ፒኤችዲ የሚማሩም ይወዳደሩበታል። ደንቦች ይቀያየራሉ፤ የሰማሽውን ሁሉ፣ የእኔንም ጭምር፣ ከምንጩ አረጋግጪ።

8. ከገባሽ በኋላ ሰው ምረጪ።

መጀመሪያ ሁለት ሦስት ላቦራቶሪ ለጥቂት ሳምንታት እየዞርሽ ታያለሽ፤ ሮቴሽን ይሉታል። ያኔ የሁሉም ዓይን ርዕሱ ላይ ነው። አንቺ ሰዉን እዪ። ተማሪዎቹ በስንት ዓመት ይጨርሳሉ? ከዚያ የወጡት የት ደረሱ? ሙከራ ሲበላሽ ኃላፊው ምን ይላል? ይህን ኃላፊውን ሳይሆን ከዚያ ተመርቀው የወጡትን ጠይቂ፣ በስልክ። አብሮኝ የገባ ጎበዝ ልጅ በዝና መርጦ ገብቶ፣ በስድስተኛው ዓመቱ ገና «አንድ ሙከራ ጨምር» ይባል ነበር።

ከላቦራቶሪ ወደ ሆስፒታል የምትመለሺበትም ሳምንት ከባድ ነው። አብረውሽ የጀመሩት ሐኪም ሆነው ያዙሻል፤ አንቺ የልብ ድምፅ መስማት ረስተሻል። የመጨረሻውን የፒኤችዲ ዓመት በሳምንት ግማሽ ቀን ክሊኒክ እየሄድሽ አሳልፊው። ትዳርና ልጅንም «ስጨርስ» ብለሽ አታስቀምጪ፤ እናትሽ ይህን ምክር ከእኔ መስማቷ እንደሚያስደስታት አውቃለሁ፣ የምጽፈው ግን ለአንቺ ብዬ ነው።

9. በመጨረሻ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት አክሊሉ ለማን አንብቢ።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ጉዳይ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት ሞተው አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ ስንት ዘመን ኖረዋል፤ እሱ ግን ቆም ብሎ ከላይ ያለውን ውኃ ከታች ካለው አነጻጸረ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠሩበት፤ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያን ጊዜ እኔ ደሴ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ አስተማሪያችን ሲነግረን ከቤታችን ጓሮ ያለውን እንዶድ ሮጬ ሄጄ ያየሁት ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቤት ነኝ። የላቦራቶሪ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ፤ የታረመውን ሳይሆን ያንን የቆሸሸውን። አያትሽም «ከመጣች ጥያቄ አለኝ» ብላለች፤ ስለዚያ መድኃኒት ነው።